እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ትንንሽ ከተሞች ምን መላ ዘየዱ?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ያኔ ባንክ ሲዘጋና ሥራ ሲጠፋ ነዋሪው ራሱ መላ የፈጠረበት ከተማ የሚያውቅ አለ? የመንግሥት እርዳታውን አይደለም።

ሀና፦ አሜሪካ፣ ዋሽንግተን ግዛት ያለችውን ቴናይኖን እይ። እ.ኤ.አ. በ1931 መጨረሻ ባንኳ ሲዘጋ የሰው ገንዘብ እዚያው ታሰረ፤ ከዚያ በስሱ በተላገ እንጨት ላይ ገንዘብ ታተመ፣ ነጋዴውም ተቀበለው። በጣም የምወደው ታሪክ ነው!

ባህሩ፦ ለእኔ የኦስትሪያዋ ቮርግል ትበልጣለች። በ1932 ማዘጋጃ ቤቱ የራሱን የወረቀት ገንዘብ አሳተመ፤ በየወሩ የዋጋውን 1 በመቶ ቴምብር ገዝተህ ካልለጠፍክበት ዋጋው ስለሚቀንስ ማንም ቤቱ አያስቀምጠውም፣ ቶሎ ቶሎ ይገበያይበታል። መንገድ ተጠገነ፣ ድልድይ ተሠራ። በ1933 ብሔራዊ ባንኩ አስቆመው፣ ያናድዳል።

ጠያቂ፦ በመደበኛው የኦስትሪያ ሺሊንግ መመንዘር ይቻል ነበር?

ባህሩ፦ አዎ፣ 2 በመቶ ተቆርጦ።