እናቴ ጨረሩን አቋርጣ ሁለት ሳምንት ጸበል ልሂድ ትላለች፤ ይጎዳታል?

ጥያቄ፦ የቡሬው ልጅ (የካቲት 3፣ ማታ)

ሰላም ወገኖች። እናቴ የማኅፀን በር ካንሰር ታማ ጨረር ላይ ናት። ደረጃው 2ቢ ነው ተብለናል። ዕቅዱ ከውጭ 25 ጊዜ ነው፣ በሳምንት አምስት ቀን። በየሳምንቱ ሲስፕላቲን የሚባለው ኬሞ አብሮ ይሰጣታል። ከዚያ የውስጥ ጨረር (መሣሪያ ማኅፀን ውስጥ ገብቶ የሚሰጠው) 4 ጊዜ ይከተላል። ጥር 4 ሰኞ ጀመረች። ጥምቀት ሰኞ ስለዋለ አንድ ቀን ዘለለ። ከጥር 26 እስከ 28 ደግሞ ማሽኑ ተበላሽቶ ሦስት ቀን ሳትወስድ ተመለሰች። እስከ ዛሬ 18 ወስዳ 7 ቀርቷታል።

አሁን ደሙ ቆመላት። ወራት ሲደማት የከረመች ሰው ናት፣ በሦስተኛው ሳምንት ቀጥ አለ። "ድኛለሁ" ብላ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ አልጋው ሥር አስቀምጣለች። ጾሙ የካቲት 9 ይገባል፤ ሁለት ሳምንት ጸበል ቆይቼ መጥቼ እጨርሳለሁ ነው የምትለው። "ሰባቷ እንደሆነች የትም አትሄድ" ስትለኝ እኔም መልስ አጣሁ። ቁጥሩ ከሞላ መሃል ላይ ማረፏ ምን ያመጣል?

መልስ፦ ነርስ ከካንሰር ክፍል

ወንድሜ፣ እናትህን እንዳታስኬዳቸው። ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፣ ብዙ ጊዜም ልክ ደሙ ሲቆም ነው። ደም መቆሙ ጨረሩ እየሠራ መሆኑን ያሳያል እንጂ ካንሰሩ አለቀ ማለት አይደለም።

የማኅፀን በር ካንሰር ጨረር ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው የውስጥ ጨረር ድረስ በ8 ሳምንት፣ ማለትም በ56 ቀን ውስጥ እንዲያልቅ ነው የሚፈለገው። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ በዓል፣ ማሽን የቆመበት ቀን፣ ሁሉም ይቆጠራል። የእናትህ 56ኛ ቀን የካቲት 29 ነው።

እናትህ ገበሬ ከሆኑ በአረም አስረዳቸው። ማሳውን ግማሽ አርሞ ሁለት ሳምንት የተወ ሰው ሲመለስ የሚያገኘው የተወውን ያህል አይደለም። ካንሰሩም እንደዚያው ነው። ጨረር ሲጀመር ደካማዎቹ ሴሎች ይሞታሉ፣ የተረፉት ግን ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከበፊቱ ፈጥነው መራባት ይጀምራሉ። ስለዚህ ሰባቷ እዚያው ትጠብቃለች የሚለው አይሠራም።

መልስ፦ ፊዚክስ

የጨረር ፊዚክስ ባለሙያ ነኝ፣ ሒሳቡን እኔ ልሥራው።

ሳታቋርጥ ከቀጠለች 25ኛውን የካቲት 12 ትጨርሳለች። ከዚያ እስከ የካቲት 29 ድረስ 17 ቀን አለ። አራቱ የውስጥ ጨረሮች በደንብ ይገባሉ።

ከነገ ጀምራ ሁለት ሳምንት ከሄደች ደግሞ የካቲት 18 ተመልሳ ትጀምራለች። አድዋ ሰኞ ነው፣ አንድ ቀን ይዘለላል። 25ኛው የካቲት 27 ላይ ያልቃል። የውስጡ ሁለት ሳምንት ቢወስድ መጋቢት አጋማሽ ደረሰ፣ ማለትም 70 ቀን ገደማ።

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ የወጡ ጥናቶች ከ8 ሳምንት ገደማ በኋላ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀን ካንሰሩን ዳሌ ውስጥ የመቆጣጠር ዕድልን ከግማሽ እስከ 1 በመቶ እንደሚቀንስ ነው የሚያሳዩት። ቁጥሩ ከጥናት ጥናት ይለያያል፣ የብዙ ሰው አማካይም ስለሆነ የእናትህን ዕጣ አይናገርም። ግን ሁለት ሳምንት ሲባዛ ቀላል አይደለም። ሌላው አባባል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣ የአውሮፓ ጥናት ነው፦ ሕክምናው አንድ ሳምንት ሲረዝም 5 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) የሚያህል ጨረር እንደማጣት ነው። ጠቅላላ ግባችን 85 ግሬይ አካባቢ መሆኑን አስብ።

ነገ ሐኪሟን ሦስት ነገር ጠይቅ። የጠፉትን አራት ቀናት በቅዳሜ ወይም በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ (በመካከሉ ቢያንስ 6 ሰዓት ክፍተት ተደርጎ) ማካካስ ይቻላል ወይ? የውስጡ ጨረር ቀጠሮ ተይዟል ወይ? ዕጢው ከሟሸሸስ የውጩ ሳያልቅ የውስጡን መጀመር ይቻላል ወይ? ሁለተኛዋን አትርሳ። ብዙ ጊዜ የሚባክነው በሁለቱ መካከል ወረፋ ሲጠበቅ ነው።

መልስ፦ እሱ ያውቃል

ቀን ቆጠራውን ተዉት፣ የሚያድነው ፈጣሪ ነው። ይሂዱ።

መልስ፦ ዲያቆን

ወንድሜ፣ ማንም አልካደም። ግን ጸበሉ እዚሁም አለ፤ ጠዋት ጨረሩን ወስደው ከሰዓት ቢጠመቁ የሚከለክል የለም። ጾሙን በተመለከተ ለታመመ ሰው የንስሐ አባት ይፈቅዳል፣ እናቱ የንስሐ አባታቸውን ያነጋግሩ። እኔ የራሴን አክስት ያሳመንኩት በንስሐ አባቷ አፍ ነው፤ እኔ ስለምናት አልሰማችኝም ነበር።

መልስ፦ ነርስ ከካንሰር ክፍል

ዲያቆን፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር። በባዶ ሆድ ብዙ ጸበል ጠጥቶ ማስመለስና ማስቀመጥ ሲስፕላቲን ለሚወስድ ሰው አደገኛ ነው። ሰውነት ውሃ ሲያጣ ኩላሊት ይጎዳል፣ ኬሞውም ይቆማል። ተቅማጥ ከመጣ ቤት አትቅሩ፣ ንገሩን፣ መድኃኒት አለው። የደም ማነስም ይታይ፤ ወራት ሲደማቸው የከረሙ ናቸውና ደም ሊያስፈልጋቸው ይችላል።

መልስ፦ ጨርሻለሁ

እኔ በ54 ቀን ጨረስኩ። ግድግዳዬ ላይ የማርያም ሥዕል ያለበት ካላንደር ነበረኝ፣ የወሰድኩበትን ቀን በሰማያዊ እስክሪብቶ እከብ ነበር፣ የዘለለውን በቀይ። አምስተኛው ሳምንት ከባድ ነው። ሽንት ያቃጥላል፣ ሆድ ይፈታል፣ ደረጃ መውጣት ያቅታል። ያኔ ነው ሰው የሚሸሸው። እናትህ ይሄን አልፈው ከሆነ ጎበዝ ናቸው በልልኝ። የውስጡን ደግሞ ቀድመህ አስረዳቸው። እኔ ማንም ሳይነግረኝ ገብቼ በድንጋጤ ልወጣ ነበር።

የቡሬው ልጅ (የካቲት 5)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ እንደማይሠሩ ነገሩን። ግን የውስጡ ቀጠሮ ጭራሽ አልተያዘም ነበር! ሲስተር፣ ፊዚክስ፣ ያ ጥያቄ ባይኖር ወር ይሄድ ነበር። ለየካቲት 16 ያዙልን። ለእናቴ የአረሙን ነገር ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና "ለመሆኑ የተረፈው ስንት ነው?" አለች። ስንትነቱን ማን ያውቃል አልኳት። ፌስታሉ ግን አሁንም እንደተቋጠረ ነው። ሁሉም ባለቀ ማግስት በቀጥታ ጸበል ላደርሳት አስምላኛለች።