መምረጥ የማይችል ሰው ስለምን በመራጮች መዝገብ ይመዘናል?

አወያይ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የዛሬው መከራከሪያ ይህ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ባንክ ወይም የስልክ ኩባንያ በብድር ከማስተናገዱ በፊት የሰውን የብድር ታሪክ መረጃ የሚይዙትን ኤክስፔሪያንን፣ ኢኩዊፋክስን ወይም ትራንስዩኒየንን ስለ ሰውየው ይጠይቃል። እነዚህ ድርጅቶች ከሚያዩት ነገር አንዱ ስሙ በሚኖርበት አድራሻ በመራጮች መዝገብ ላይ መኖሩ ነው። ካለ ክሬዲት ስኮሩን፣ ማለትም ለብድር ምን ያህል እንደሚታመን የሚያሳየውን ነጥብ፣ ይረዳዋል። አሠራሩ ትክክል ነው ወይ?

የበርሚንግሃሟ፦ ትክክል አይደለም። እዚህ ሰባት ዓመት ኖሬያለሁ። ኪራዬን አንድ ቀን አሳልፌ አላውቅም። ካውንስል ታክሱም (ለአካባቢው አስተዳደር የሚከፈለው የቤት ግብር) መብራቱም በስሜ ነው። አምና በወር የሚከፈል ስልክ ልወስድ ብዬ «አድራሻሽን ማረጋገጥ አልቻልንም» ተባልኩ። ስጠይቅ የመራጮች መዝገብ ላይ የለሽም አሉኝ። መዝገቡ ላይ እንዴት ልኑር? ለፓርላማ ምርጫ የሚመዘገበው የብሪታንያ፣ የአየርላንድ ወይም የኮመንዌልዝ ሀገር ዜጋ ነው። ኮመንዌልዝ በአብዛኛው የእንግሊዝ ቅኝ የነበሩ ሀገሮች ማኅበር ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጡ የለችም። አብራኝ የምትሠራው ኬንያዊት ግን በመጣች በሁለተኛው ወር ተመዘገበች። ሥራችን አንድ፣ ደሞዛችን አንድ። እሷን የሚያውቃት መዝገብ እኔን አያውቀኝም።

ብድር ክፍል የሚሠራው፦ እህቴ፣ የደረሰብሽ ያሳዝናል። ግን መዝገቡ የሚታየው ዜግነትሽን ለመመዘን አይደለም። «እዚህ እኖራለሁ» ያለ ሰው እውነት እዚያ መኖሩን ለማመሳከር ነው። በሰው ስም ብድር ወስዶ የሚሰወር ስንት አለ መሰለሽ። ለማን ድምፅ እንደሰጠሽ ማንም አያይም። ምርጫ ሄድሽም ቀረሽም ለስኮሩ ለውጥ የለውም። ደግሞም መዝገብ ላይ አለመኖር ብቻውን ብድር አያስከለክልም። ዋናው ሚዛን ዕዳን በወቅቱ መክፈል ነው።

የበርሚንግሃሟ፦ «ብቻውን አያስከለክልም» የሚባለው የብድር ታሪክ ፋይሉ ለሞላ ሰው ነው። እኔ ተበድሬ አላውቅም፤ ፋይሌ ባዶ ነው። ባዶ ፋይል ላይ ያቺ አንዷ መስመር ስትጎድል ምን ይቀራል? አምስት ዓመት እቁብ ጥያለሁ፣ አንድ ዙር አላጓደልኩም። እሱን የሚመዘግብልኝ የለም።

ጋሽ የሊድሱ፦ ልጄ እውነቷን ነው። እኛን የጎዳን በእንግሊዝ አለመገዛታችን ሆነ ማለት ነው?

ብድር ክፍል የሚሠራው፦ ጋሼ፣ እንደሱ እንኳ አይደለም። ሞዛምቢክ በ1995፣ ሩዋንዳ በ2009 ኮመንዌልዝ ገብተዋል። ሁለቱም የእንግሊዝ ቅኝ አልነበሩም። ዜጎቻቸው እዚህ በሕግ እስከኖሩ ድረስ ይመዘገባሉ።

ጋሽ የሊድሱ፦ ይኸው! ይህማ የሷን ነገር ነው የሚያጠነክረው። የአንድ ሰው ዕዳ መክፈልና አለመክፈል ሀገሩ የየትኛው ማኅበር አባል እንደሆነች ጋር ምን አገናኘው?

የካርዲፏ፦ እኔ ከዌልስ ነኝ። እኛ ዘንድ ከ2020 በኋላ ሕጉ ተቀይሯል። ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ሰው ዜግነቱ ምንም ይሁን ለዌልስ ፓርላማና ለካውንስል ምርጫ ይመዘገባል። ስኮትላንድም እንደዚሁ። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ይዤ መዝገቡ ላይ አለሁ፣ ድምፄንም ሰጥቻለሁ። ይህን ሳያውቁ የሚቀሩ ብዙ ወገኖች አሉ። ካርዲፍ፣ ስዋንሲ፣ ግላስጎው፣ ኤደንብራ ያላችሁ ዛሬውኑ ተመዝገቡ። በኢንተርኔት ደቂቃዎች ነው የሚፈጀው፤ የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥራችሁን (ለሥራና ለግብር የምትጠቀሙበትን) ያዙ።

የበርሚንግሃሟ፦ እንግዲህ እኔ ድንበሩን ተሻግሬ ብኖር የምታመን ሰው እሆን ነበር ማለት ነው። የምለውም ይህንኑ ነው።

የሼፊልዷ ነርስ፦ ስለ መዝገቡ ብቻ አናውራ። እኛን የበለጠ የሚያስቸግረን የአድራሻ ታሪክ ነው። ብድር ስትጠይቁ ብዙ ጊዜ የሦስት ዓመት አድራሻ ይፈልጋሉ፤ ከዚያም በላይ የሚሉ አሉ። ጥገኝነት ጠይቆ የመጣ ሰው ግን የት እንደሚኖር ራሱ አይመርጥም። ዛሬ ሆቴል፣ ነገ ሌላ ከተማ። ፈቃዱ ሲመጣለት ደግሞ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከመንግሥት ቤት ውጣ ይባላል። ከዚያ የጓደኛ ሶፋ፣ ከዚያ የጋራ ቤት አንድ ክፍል። በሦስት ዓመት አምስትና ስድስት አድራሻ ይሆናል። ይህ የስደት መንገድ ነው፤ ኮምፒውተሩ ግን ያልተረጋጋ ሰው አድርጎ ያነበዋል።

በዚያ ላይ ስማችን አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የእኔ ፓስፖርት የአያቴን ስም በቤተሰብ ስም ቦታ አስገብቶታል። የባንክ ካርዴ ላይ ያለው የአባቴ ስም ነው። «ገብረ» እና «ወልደ» ያለበት ስምማ አንዱ ጋ ተጣብቆ፣ አንዱ ጋ ተነጥሎ ይጻፋል። ባልና ሚስት በአንድ ቤት ሁለት የተለያየ የቤተሰብ ስም ይይዛሉ። እነዚያ ድርጅቶች ሰውን የሚለዩት ስምን፣ አድራሻንና የልደት ቀንን በማመሳከር ነው። አንዲት ፊደል ስትለይ መረጃችሁ ሁለት ቦታ ሊከፈል ይችላል። እኔ የብሪታንያ ዜጋ ነኝ፣ መዝገቡ ላይም አለሁ። ግን በአያቴ ስም ተመዝግቤ ብድር በአባቴ ስም ስጠይቅ ኖርኩ። ማን ይንገረኝ? ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ብድር ክፍል የሚሠራው፦ ይህን እቀበላለሁ። እኛም ቢሮ በየጊዜው የሚያጋጥመን ነው። ባንክ፣ ስልክ፣ ካውንስል፣ ሁሉም ጋ አንድ አጻጻፍ ያዙ። የቤት ቁጥርም እንዲሁ፤ አንዱ ጋ «ፍላት 2» ሌላው ጋ «2ኤ» አይሁን። አንድ የሚወራ ነገር ደግሞ ላርም። ከእናንተ በፊት ቤቱ ውስጥ የኖረ ሰው ዕዳ እናንተን አይነካም። አብሮ መኖርም አያገናኝም። የሚያገናኘው እንደ ጋራ ሂሳብና ጋራ ሞርጌጅ (የቤት መግዣ ብድር) ያለ የገንዘብ ትስስር ነው።

ስሜን ያልጻፍኩ፦ እኔ ሌላ ነገር ልጨምር። አድራሻዋ እንዳይታወቅ የምትፈልግ ሴት አለች። ከሚደበድባት ሰው ሸሽታ የወጣች። ሕጉ ስሟ ሳይወጣ እንድትመዘገብ ይፈቅድላታል፤ መዝገቡ ላይ ቁጥር ብቻ ነው የሚታየው። ግን ስም ከሌለ የብድር ድርጅቶቹም አያገኟትም። ሕይወቷን ስትጠብቅ ክሬዲቷ ይጎዳል። ስለዚህ «ለማመሳከር ብቻ ነው» ሲባል ቅር ይለኛል።

ጋሽ የሊድሱ፦ በዚህ ነገር ፍርድ ቤት የሄደም ነበር። እዚሁ ዮርክሻየር፣ ሮበርትሰን የሚባል ጡረተኛ የሒሳብ ሰው በ2001 የመራጮች መዝገብ ለነጋዴ መሸጡን ተቃውሞ ረታ። ከዚያ ነው መዝገቡ ለሁለት የተከፈለው፤ ማንም የሚገዛው ክፍቱ እና በሕግ ለተፈቀደላቸው ብቻ የሚሰጠው ሙሉው። በ2003 ሙሉው ለብድር መረጃ ድርጅቶች መሸጡንም ተከራከረ፤ ያኔ ግን ተረታ። ፍርድ ቤቱ ለብድር ማጣሪያ መዋሉ ተገቢ ነው አለ። ከክፍቱ መዝገብ ስማችሁን ብታስወጡ ክሬዲታችሁ አይነካም። እኔ አስወጥቻለሁ።

ብድር ክፍል የሚሠራው፦ እኔም በዚያ ፍርድ እስማማለሁ። መዝገቡ ባይኖር ድርጅቶቹ ዝም አይሉም፤ ሌላ የግል መረጃ ያድናሉ። ይኸኛው ቢያንስ በሕግ የታጠረ ነው።

የበርሚንግሃሟ፦ መዝገቡን አጥፉት አላልኩም። ለማይመዘገብ ሰው እኩል የሚቆጠር ሌላ ማስረጃ በግልጽ ይኑር ነው የምለው። የካውንስል ታክስ ደረሰኝ የኔን አድራሻ ከመራጮች መዝገብ ባልተናነሰ ያሳያል። ግብሩን የሚሰበስበውም መዝገቡን የሚይዘውም ያው ካውንስል ነው!

የሼፊልዷ ነርስ፦ መንገዱ አለ፣ የሚነግር ሰው ነው የጠፋው። ለሦስቱም ድርጅቶች የመኖሪያ ማስረጃ መላክ ይቻላል። መምረጥ የማትችይ መሆንሽን የሚገልጽ እስከ 200 ቃል የሚደርስ ማስታወሻም ፋይልሽ ላይ ማስገባት ትችያለሽ። አበዳሪ ፋይሉን ሲከፍት ያየዋል። ለሦስቱም ለየብቻ ነው የሚላከው፤ አንዱ ለሌላው አያስተላልፍም።

የበርሚንግሃሟ፦ በሰባት ዓመት ይህን የነገረኝ አንድም የለም። ስልክ የከለከለኝም ድርጅት አልነገረኝም። ማታ ከሥራ ስወጣ እጽፈዋለሁ። እንግሊዝኛውን የምታይልኝ አለች?

የካርዲፏ፦ እኔ አለሁ። ላኪልኝ።