የተላጠ ታርጋና የፍሬን ልዩነት፦ ከዓመታዊ ምርመራ በፊት

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁም። መኪናዬን በሚቀጥለው ሳምንት ለዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ አቀርባለሁ። የኋላ ታርጋዬ የአንዱ ቁጥር ቀለም ስለተላጠ ራሴ በጥቁር ቀለም ባደምቀው ችግር ይኖረው ይሆን? ባለፈው ዓመት ደግሞ መኪናው ፍሬን ሲያዝ በደንብ እየቆመ በፍሬን ምክንያት ወድቄያለሁ፤ ምክንያቱ እስካሁን አልገባኝም።

መልስ 1፦ ታርጋውን በእጅዎ ባይነኩት ይሻላል። የታርጋ ፊት ብርሃንን ወደ መጣበት በሚመልስ ንጣፍ የተሸፈነ በመሆኑ፣ ቀለሙ ከቁጥሩ ጠርዝ ትንሽ ካለፈ ሌሊት 3ን 8 ሊያስመስለው ይችላል፤ ይህ ደግሞ ቁጥር እንደመቀየር ሊቆጠር ይችላል። መኪናውን ለመዘገበው መሥሪያ ቤት አመልክተው ምትክ ይጠይቁ።

መልስ 2፦ ስለ ፍሬኑ፣ የመመርመሪያው ማሽን የሚለካው መቆሙን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ጎማ የመያዝ ኃይል ለየብቻ ነው። የግራውና የቀኙ ልዩነት ከበዛ መኪናው በደረቅ መንገድ ቢቆምም፣ በእርጥብ መንገድ ወደ አንድ ጎን ይስባል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ዘይት የነካው የፍሬን ሸራ ወይም የተጣበቀ የፍሬን ፒስተን (ሸራውን የሚገፋው ክፍል) ነው። የጎማውንም ጥርስ ጥልቀት ይለኩ፤ በብዙ አገሮች ዝቅተኛው መጠን 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ እኔ ግን እዚያ እስኪደርስ አልጠብቅም።

መልስ 3፦ ከምርመራው በፊት የሻንሲ ቁጥሩንም (በመኪናው አካል ላይ የተቀረጸውን መለያ ቁጥር) ጠርገው ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ። በዘመናዊ መኪኖች 17 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሲሆን፣ ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም።