በዊንተር ባሕር ዳርቻ ወፍ ለማየት የት እንሂድ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰብለ፦
ሰላም ለዚህ ቤት! ልጄ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ ወፍ ማለት ነፍሱ ነው፣ ደጃችን የሚመጣውን ካርዲናል ምናምን ሁሉ በስሙ ነው የሚያውቀው። አሁን ደሞ ባሕር ዳርቻ ውሰጂኝ ብሎ ወጥሮ ይዞኛል። በዚህ ብርድ ምን ወፍ ይገኛል፣ ሁሉም ወደ ሙቀት አገር ሄዶ የለም እንዴ? ደርሰን በቀኑ የምንመለስበት ቦታ ካለ ንገሩኝ።

ዘሪሁን፦
እህቴ እንደውም ጊዜው አሁን ነው፣ ከአርክቲክ ለሚመጡት ዴላዌር ራሱ ሙቀት አገር ነው። ቦምቤይ ሁክ ሂዱ፣ ስሚርና አጠገብ፣ ቤይ ብሪጅን ተሻግራችሁ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከ1937 ጀምሮ ለወፎች የተከለለ ቦታ ነው። ውስጡን የሚዞር 12 ማይል የጠጠር መንገድ ስላለ ልጁ ሂተር እየሞቀ በመስኮት ያያል፣ ወፎቹ ደሞ መኪናን ብዙም አይፈሩም ሰው ሲወርድ ነው የሚበረግጉት። ዋናው ስኖው ጉስ የሚሉት ነጭ ዝይ ነው፣ በሺዎች ሆነው ውሃው ላይ ሲያርፉ ከሩቅ በረዶ የጣለ ነው የሚመስለው፣ ንስር በላያቸው ካለፈ ግን ሁሉም ባንዴ ብድግ ነው፣ ያኔ የክንፋቸው ጫፍ ጥቁር መሆኑ ይታያል፣ ጩኸቱ ጆሮ ያደነቁራል። ሲነጋ ድረሱ፣ ቀን ቀን እርሻ ላይ ሊበሉ ይሄዳሉ።

ቤቲ ዲሲ፦
ቦምቤይ ሁክ አሪፍ ነው ግን ረግረግ ነው እኮ፣ ልጁ ባሕር ካለ ኦሽን ሲቲ ውሰጂው፣ መንገዱ ትንሽ ቢረዝምም። ደቡብ ጫፉ ላይ ኢንሌቱ (ባሕሩ ወደ ውስጥ የሚገባበት መተላለፊያ) አለ፣ የ1933ቱ ሃሪኬን መሬቱን ሰንጥቆ የከፈተው ነው። እዛ ድንጋዩ ላይ ፐርፕል ሳንድፓይፐር ፈልጉ፣ ትንሽዬ ግራጫ ወፍ ናት፣ እግሯና የምንቃሯ ሥር ብርቱካንማ፣ ማዕበሉ ሲመታ ዘለል ትልና ውሃው እንደተመለሰ ወርዳ እዛው እርጥብ ድንጋይ ላይ መልቀም ትቀጥላለች፣ እኔ እሷን ሳይ ሰዓት አላውቅም። ራቅ ብሎ ደሞ ጋኔት የሚሉት ትልቅ ነጭ የባሕር ወፍ አለ፣ ክንፉን አጥፎ በጭንቅላቱ ባሕር ውስጥ ይወረወራል። ድንጋዩ ላይ ግን እንዳትወጡ በጣም ያንሸራትታል። ስልክሽ ላይ ከዲግሪው ይልቅ ንፋሱን እይ፣ ንፋስ ካለ ልጁ አይችለውም።

ሰብለ፦
ተባረኩ! ቦምቤይ ሁክን እንጀምር መሰለኝ። ባይኖኩላር ልገዛለት ነው፣ 8 እጥፍ የሚያጎላው ይሻላል 10?

የቢሾፍቱ ልጅ፦
ለልጅ 8 ነው፣ 10 እጅ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ የሚታየውም ቦታ ይጠብበታል። ቦምቤይ ሁክ ላይ ፒንቴል አሳዪው፣ ጅራቱ ሹል፣ አንገቱ ረዥምና ነጭ የሆነ ዳክዬ ነው፣ ይኸው ዘር ከአውሮፓና ከእስያ ተነስቶ በዚሁ ወቅት እኛም አገር ዝዋይና ጨለለቃ ሐይቅ ላይ ይወርዳል፣ ይሄን ንገሪው። አንድ ነገር አደራ፣ ዝይዎቹ እንዲነሱለት ብሎ እንዳይሮጥባቸው። በተነሱ ቁጥር ለመልሱ መንገድ ያጠራቀሙት ስብ ነው የሚቃጠለው፣ ዝም ብላችሁ ጠብቁ፣ ንስሩ ራሱ ያስነሳቸዋል።