መጨረሻው ብቻ የሚቀያየር ፓስወርድ ይበቃል?

ማሂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጠንካራ ፓስወርድ ይዞ መጨረሻው ላይ የድረገጹን ስም መጨመር፣ ለፌስቡክ "ፌስቡክ"፣ ለቴሌግራም "ቴሌግራም" እያሉ መሄድ በቂ ነው? ሠላሳ አርባ አካውንት ያለው ሰው ሁሉንም በቃሉ ሊይዝ አይችልም። ፓስወርድ ማኔጀር፣ ማለትም ፓስወርዶችን ሁሉ በአንድ ዋና ፓስወርድ ቆልፎ የሚይዝ ፕሮግራም፣ ተጠቀሚ የሚሉኝ አሉ፤ ሁሉን አንድ ቦታ ማስቀመጥ ግን ያስፈራል።

ቁልፍ ያዥ፦
አይበቃም። ፓስወርድ ብዙ ጊዜ የሚሰረቀው ካንቺ ሳይሆን ከተመዘገብሽበት ድረገጽ ነው። በ2009 እ.ኤ.አ. ሮክዩ ከሚባል ድርጅት ከ32 ሚሊዮን በላይ ፓስወርዶች ሲወጡ ምንም ሳይመሰጠሩ እንዳሉ ነበር የተቀመጡት፤ ተጠቃሚው ምን ቢጠነቀቅ አያድነውም። ሌቦቹ ያገኙትን ኢሜይልና ፓስወርድ በፕሮግራም ሌላ ቦታ ሁሉ ይሞክሩታል። መጨረሻው ላይ "ፌስቡክ" የሚል ካዩማ የቀረውን መገመት አያቅታቸውም። ቢያንስ የኢሜይልሽን ፓስወርድ ዛሬውኑ ለይው። "ፓስወርድ ረሳሁ" ስትዪ ሊንኩ የሚላከው እዚያ ስለሆነ፣ ኢሜይልሽን የያዘ ሁሉንም ያዘ ማለት ነው።

ሰናይ፦
እኔ ማኔጀር ይሻላል ባይ ነኝ። ቢትዋርደንና ኪፓስ በነጻ ይገኛሉ፤ ኪፓስ ፋይሉን የሚያስቀምጠው ራስሽ ኮምፒውተር ላይ ነው። ብዙ ሰው የማያነሳው ጥቅም ደግሞ አለ፦ ብሮውዘርሽ ላይ የተጫነ ማኔጀር የድረገጹን አድራሻ ያያል፣ አንድ ፊደል ተቀይሮ የተሠራ የውሸት ገጽ ከሆነ አይሞላልሽም። ዋናውን ፓስወርድ ከማይገናኙ 6 ቃላት ሥሪው፣ "ጃንጥላ ሚስማር ደመና ጭልፋ..." እያልሽ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። ቃላቱን መዝገበ ቃላት በዘፈቀደ እየገለጥሽ አውጪ እንጂ ከራስሽ አትምረጪ። ተረትና ምሳሌ እንዳይሆን ብቻ፤ "ድር ቢያብር" ረጅም ቢሆንም የማያውቀው የለም።

ዮኒ፦
ደብተርም ቢሆን ነውር የለውም። ቤት መሳቢያ ውስጥ ያለውን ደብተር ሩቅ ያለ ሀከር አያየውም፣ ለእናት ለአባት ደግሞ ይሄ ይቀላቸዋል። ጉዱ ኮምፒውተር ላይ መለጠፉ ነው። በየ3 ወሩ ቀይሩ የሚለውን ተዪው፤ የአሜሪካ መንግሥት የደረጃዎች ተቋም የሆነው ኒስት ራሱ በ2017 መመሪያው ያለ ምክንያት አታስቀይሩ ብሏል፣ ሰው ሲገደድ አንዷን ቁጥር ብቻ ነዋ የሚቀይረው። ይልቅ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሪ፤ ከፓስወርዱ ሌላ ኮድም ይጠይቃል ማለት ነው። በኤስኤምኤስ ከሚመጣው ኮድ በአፕ የሚወጣው ይሻላል፣ ምክንያቱም አጭበርባሪ ያንቺን ቁጥር በሌላ ሲም ካርድ ሊያስወጣ ይችላል። ደውሎ "ኮዱን ንገሪኝ" ለሚልሽ ደግሞ ማንም ይሁን ማን፣ እንዳትሰጪ!

ማሂ፦
በጣም አመሰግናለሁ። የማኔጀሩን ዋና ፓስወርድ ብረሳውስ?

ሰናይ፦
እሱን ድርጅቱም አያውቀውም፣ ስለዚህ አያወጣልሽም። ወረቀት ላይ ጻፊና ከወሳኝ ሰነዶችሽ ጋር አስቀምጪው፤ ስልክሽ ቢጠፋ የምትገቢባቸውን የማረጋገጫውን መጠባበቂያ ኮዶችም ለብቻ እንዲሁ። ከዚያ ከኢሜይሉ ጀምሪ። ሌሎቹን ሁሉ በአንድ ቀን ልጨርስ አትበዪ፣ በገባሽ ቁጥር እየቀየርሽ ሂጂ።