ጥቆማ፦ የቅጂ መብት ገጽ ደሴ ላይ ማን ጋ ላሠራ?

ጠያቂ፦ በራሴ ወጪ የማሳትመው የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል የገጽ ቅንብሩ አልቆ፣ የቀረው ከርዕሱ ገጽ ጀርባ የሚገባው የቅጂ መብት ገጽ ብቻ ነው። ፒያሳ ካሉት የጽሕፈትና ዲዛይን ቤቶች የትኛው ይሻላል? ወይስ ኮምቦልቻ ልውረድ?

የሸዋ በሩ፦ እኔ ያሠራሁበት ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ገጹን ከሌላ ደራሲ መጽሐፍ እንዳለ ገልብጦ አስገባልኝ። «ሁለተኛ እትም» የሚለውንና የማላውቀውን መጽሐፍ መለያ ቁጥር ያየሁት 500 ቅጂ ታትሞ ቤቴ ከገባ በኋላ ነው። ይኸው እስከ ዛሬ በየቅጂው ላይ ማረሚያ እየለጠፍሁ ነው።

ቦርከና፦ አብሽር ወንድሜ። የትኛው ቤት እንደሆነ ግን በውስጥ ንገረን።

ባለ አራዳ፦ አራዳ ያሉት የእኔ ደንበኞች ይሻላሉ። የሦስት ልጆቼን የሠርግ መጥሪያ ሲሠሩ አንዲት ፊደል አልሳቱም።

ጦሳ፦ የሠርግ መጥሪያ የቅጂ መብት ገጽ እንዳለው ዛሬ ሰማሁ። ሙሽሮቹ ስንተኛ እትም ናቸው?

ቃሉ፦ ዋናው ወረቀቱ ነው፤ 80 ግራም ያሳትሙ።

አራሚዋ፦ ጠያቂው የወረቀት ነገር አላነሡም። የትም ቢያሠሩ ጽሑፉን ራስዎ አዘጋጅተው ይስጡ፣ የመጨረሻውን ረቂቅም በወረቀት አስወጥተው ያንብቡ። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት መብቱ ሥራው ከተፈጠረ ጀምሮ የእርስዎ ነው፤ ሳይመዘገብም ይጸናል፣ ከሕልፈትዎም በኋላ ለ50 ዓመት ይቀጥላል። ስለዚህ የ© ምልክቱን፣ ስምዎንና ዓመቱን ያስፍሩ፤ ዓመቱ በእኛ ይሁን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሳይገለጽ ቀርቶ አንባቢ ሲሳሳት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እትሙንና አድራሻዎን አይርሱ። ባለ 13 አኃዙን የመጽሐፍ መለያ ቁጥር፣ አይኤስቢኤን፣ ግን ማንም ጽሕፈት ቤት ፈጥሮ ሊሰጥዎ አይችልም፤ የሚሰጠው ብዙዎቻችን አሁንም ወመዘክር የምንለው አዲስ አበባ ያለው የአገሪቱ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ነው። በስልክ የሚነበብ ቅጂም ካወጡ ለእርሱ ሌላ ቁጥር ያስፈልገዋል።

ባለ አራዳ፦ አራዳዎቹ ይህን ሁሉ ያውቃሉ።

የሸዋ በሩ፦ የእኔዎቹም እናውቃለን ብለው ነበር።

ጠያቂ፦ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሽፋኑን ፎቶግራፍ ያነሳው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ስሙን ላስገባ?

አራሚዋ፦ ያስገቡ፤ ዘመድ ቢሆንም ፈቃዱን በጽሑፍ ይያዙ።

ባለ አራዳ፦ ሲሄዱ እኔ እንደላክሁዎ ይንገሯቸው።