ሲዳማ ገጠር ትምህርት ቤት በበጎ ፈቃድ ለማስተማር፦ መቼ እንሂድ? ምን እንያዝ?

የመምህርነት ተማሪ (ሜሪላንድ)
ሰላም ለዚህ ቤት። መምህርነት የምንማር አራት ሴቶች ነን። ሐዋሳ ዙሪያ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል እንግሊዝኛና ሒሳብ ልናስተምር አስበናል። እኛ የምንዘጋው በፈረንጆቹ በጋ ስለሆነ ሐምሌና ነሐሴን መርጠናል። አማርኛ ሁላችንም እንናገራለን። በአንድ ክፍል 60 ልጅ አለ ተብለናል። ምን ይዘን ብንሄድ ይሻላል?

ሱፐርቫይዘር
እህቴ፣ ሐምሌና ነሐሴን ተዪው። ሰኔ ላይ ፈተናው አልቆ ሰርተፍኬት ይሰጣል፤ ክረምቱን ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። ለእናንተ ሲባል ልጆቹ ቢጠሩ እንኳ ዛሬ የመጣው ነገ አይመጣም፤ ትምህርቱ አይያያዝም። የሚሻለው የገና ዕረፍታችሁ ነው። ከታኅሣሥ መጀመሪያ እስከ ጥር መጀመሪያ፣ ከበዓሉ በቀር፣ ክፍል አለ። ከዚያ በኋላ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ስለሚደርስ ቦታ አታገኙም። ቡና የሚለቀምበት ቀበሌ ከሆነ ግን በታኅሣሥ ቀሪ ይበዛልና ርዕሰ መምህሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሌላው ቋንቋው ነው። በሲዳማ ገጠር የታችኛው ክፍል የሚማረው በሲዳሙ አፎ ነው። በአማርኛ ሒሳብ ብታስረዱ የ1ኛ ክፍል ልጅ አይከተላችሁም። ሒሳቡን ለክፍሉ መምህር ትታችሁ እንግሊዝኛውን ያዙ፤ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ይሰጣል። እሱንም ቢሆን ክፍሉን አትረከቡ። መምህሩ ከወጣ እናንተ ስትሄዱ ዓመታዊ ዕቅዱ ወደ ኋላ ቀርቶ ይጠብቀዋል። መምህሩ ይምራ፣ እናንተ በየቡድኑ እየዞራችሁ አግዙ። ሲሳሳት ተማሪ ፊት አትረሙት። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤም ከመሄዳችሁ በፊት በእጃችሁ ይግባ።

የቋንቋ መምህር
በሻንጣ የምትይዙት ፐርማነንት ማርከር ይበቃል፤ ሌላው እዚያው ይገኛል። ወረቀት ቻርት በጭቃ ግድግዳ ላይ በፕላስተር አይያዝም፣ ወዲያው ይቀደዳል። ዱቄት ወይም ስኳር የመጣበትን ነጭ ማዳበሪያ ቀዳችሁ ዘርጉትና ጻፉበት፣ በምስማር ይሰቀላል። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ እንዲያነበው ፊደሉ ከ5 ሳንቲ ሜትር አይነስ።

ለቃላት ግንባታ ቆርኪ ሰብስቡ። ጠርዙ እጅ ይቆርጣልና መጀመሪያ በመዶሻ ጠፍጥፉት፤ ከዚያ በእያንዳንዱ ላይ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። በአንድ ስብስብ 21ዱ ተነባቢ አንድ አንድ፣ አምስቱ አናባቢ ሦስት ሦስት፣ 36 ይሆናል። እንደ ኤግና ቦል ያሉ ቃላት ተነባቢ ስለሚደግሙ ጂ፣ ኤል፣ ኤስና ቲን አንድ አንድ ጨምሩ፤ 40 ሞላ። ባለ ሦስት መቀመጫ ዴስክ ከሆነ የፊተኞቹ ዞረው ከኋለኞቹ ጋር ፊት ለፊት ሲቀመጡ ስድስት ስድስት ይሆናሉ። 60 ልጅ 10 ቡድን ነው፤ 400 ቆርኪ ያስፈልጋል።

ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ለየልጁ ላድል ያለ ሩቡን እዚያው ይጨርሰዋል። እያንዳንዱን ስብስብ ቁጥር በተጻፈበት ከረጢት አስራችሁ የቡድን መሪው ይውሰድ፣ ሲመልስም 40 ቆጥሮ ያስረክብ።

የመምህርነት ተማሪ (ሜሪላንድ)
እግዚአብሔር ይስጥልን! ቀኑን እንቀይራለን። መጻሕፍትና ደብተር ለመስጠት አስበን ነበር፣ ለማን ነው የሚሰጠው? ደግሞ መምህሩ ልጅ ሲገርፍ ብናይስ?

ሱፐርቫይዘር
ግርፋቱን በተመለከተ፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ይጠብቃል። ክፍል ውስጥ አትከራከሩ፤ በዕለቱ ለርዕሰ መምህሩ ለብቻው ንገሩ።

ስጦታውን ለአንድ መምህር በእጅ አትስጡ፣ ሐሜት ያመጣበታል። የወላጅ መምህር ኅብረት ባለበት አስረክባችሁ ሞዴል 19 (የንብረት ገቢ ደረሰኝ) ይቆረጥ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ከዚህ በኋላ ነው፦ መጽሐፉ ንብረት ሆኖ ስለተመዘገበ የጠፋውን እከፍላለሁ ብሎ የሚፈራው መምህር ሳያወጣው ግምጃ ቤት ተቆልፎ ይቀራል። ስለዚህ ደብተሩና እስክሪብቶው እዚያው በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ደረሰኝ) ወጪ ሆኖ ለየክፍሉ ይታደል። ለመጻሕፍቱ ደግሞ በአገልግሎት ብዛት ያረጀና የተቀደደ እንደማይጠየቅበት በርክክብ ቃለ ጉባኤው ላይ አስጽፉ።